ከቁጥር ኋላ የምትለጠፈዋ ፊደል፦ ስለ ኬ፣ ኤም እና ጂ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ተርሚናል ላይ ውሎ የሚያመሽ ሰው ይቺ ነገር አንድ ቀን ታገኘዋለች። 10 ሜጋባይት ለማለት «10ኤም» ብሎ ይጽፋል። አንዱ ትእዛዝ በ1024 አባዝቶ ይወስደዋል፣ ሌላው በ1000 ያባዛዋል፣ ሦስተኛው «ይሄ ቁጥር ልክ አይደለም» ብሎ ይመልሰዋል። አራተኛው ደግሞ ምንም ሳይናገር ሌላ ነገር ሠርቶ ይጨርሳል። ሦስተኛውን እወደዋለሁ፤ ቢያንስ ነግሮኛል። እንቅልፍ የሚነሳኝ አራተኛው ነው።

ደጋግመው የሚመጡልኝን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያለሁ። ከመጀመሬ በፊት ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር ልበል። ትእዛዞቹንና ቅጥያዎቹን በድምፃቸው ነው የጻፍኳቸው። ዝም ብዬ «ኤም» ካልኩ ካፒታሉን ነው፤ ትንሿን ስፈልግ «ስሞል ኤም» እላለሁ። «ኤምቢ» ሁለት ፊደል ነው። «ኤምአይቢ» ሦስት ነው፤ መሀል ላይ ስሞል አይ አለችበት።

ለመሆኑ 1ኤም ስንት ባይት ነው?

የት ላይ እንደጻፋችሁት ይወሰናል። ሊኑክስ ላይ አብዛኞቹ መሠረታዊ ትእዛዞች የሚመጡት ጂኤንዩ ኮርዩቲልስ ከሚባለው ጥቅል ነው። እዚያ ውስጥ ፊደሏ ብቻዋን ከቆመች በ1024 ትቆጠራለች፤ 1ኤም ማለት 1,048,576 ባይት ነው። ቢ ከተጨመረባት በ1000 ትሆናለች፤ 1ኤምቢ ድፍን 1,000,000 ነው። አይቢ ከተጨመረባት ተመልሳ 1024 ጋ ትገባለች፣ ስለዚህ 1ኤምአይቢ እና 1ኤም እኩል ናቸው።

ብዙ ሰው የሚሳተው መሀለኛዋ ላይ ነው። ቢ መጨመር «ባይት» የሚለውን ቃል ማሟላት ይመስለዋል። እዚህ ግን ቢ ዋጋውን ትቀይረዋለች። «ትራንኬት -ኤስ 10ኬ» 10,240 ባይት የሆነ ፋይል ይሠራል፣ «ትራንኬት -ኤስ 10ኬቢ» ደግሞ 10,000 ባይት የሆነ። ሁለቱንም ሞክሯቸውና የፋይሎችን መጠን በሚዘረዝረው በ«ኤልኤስ -ኤል» እዩዋቸው፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ልዩነቱ ያን ያህል ያስጨንቃል ወይ ለምትሉ፣ ኪሎ ላይ 2.4 በመቶ ነው። ሜጋ ላይ 4.9 በመቶ ገደማ ይደርሳል፣ ጊጋ ላይ 7.4፣ ቴራ ላይ ወደ 10 በመቶ። ዲስክ በትልቁ በምንጠቀምበት ጊዜ ስህተቱም አብሮ ያድጋል ማለት ነው።

1 ቴራባይት ዲስክ ገዝቼ ለምን 931 ጊጋ ያሳየኛል?

አልጎደለባችሁም። ሻጩ በ1000 ቆጥሮ 1,000,000,000,000 ባይት ሸጦላችኋል። ያያችሁበት ፕሮግራም ያንኑ ቁጥር በ1024 ሦስት ጊዜ አካፍሎ 931 ጊቢባይት አገኘ፣ ከዚያ ጊቢባይት ማለት ሲገባው «ጊጋ» ብሎ ጻፈው። ማክ እ.ኤ.አ. በ2009 ከስኖው ሌፐርድ ጀምሮ በፋይንደር መስኮቱ ላይ ወደ 1000 ቆጠራ ዞሯል። ተርሚናሉን ስትከፍቱ ግን «ኤልኤስ -ኤልኤች» አሁንም በ1024 ነው። አንድ ማሽን፣ አንድ ፋይል፣ ሁለት ቁጥር።

ማነው እንዲህ ያመሰቃቀለው?

አንድ ጥፋተኛ የለም። እያንዳንዱ ትእዛዝ በራሱ ዘመን፣ በራሱ ሰው እጅ ነው ያደገው። በጥንቱ ዩኒክስ የዲስክ ብሎክ፣ ማለትም ዲስኩ የሚከፋፈልበት ቁራጭ፣ 512 ባይት ነበር፣ ስለዚህ የቆዩት ትእዛዞች በ512 መቁጠር ለመዱ። ፖዚክስ የሚባለው ስታንዳርድ ሲመጣ የነበረውን ነው የመዘገበው። ዳታ በሚገለብጠው ዲዲ ላይ ስሞል ኬን እና ስሞል ቢን ብቻ ጻፈ። ፋይል በሚከፋፍለው ስፕሊት ላይ ስሞል ኬን እና ስሞል ኤምን ጻፈ። ፋይል በሚፈልገው ፋይንድ ላይ ስሞል ሲን ብቻ ጻፈ። ሦስት ትእዛዝ፣ ሦስት የተለያየ ዝርዝር፣ በአንድ ስታንዳርድ ውስጥ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ በጎደለው ላይ የራሱን ጨመረ። አንዱ ካፒታል ወደደ፣ ሌላው ስሞል።

ከዚህ ጎን የ1000 እና የ1024 ጭቅጭቅ አለ። በዓለም አቀፉ የመለኪያ ሥርዓት ኪሎ 1000 ነው፣ ምልክቷም ስሞል ኬ ናት፤ ካፒታል ኬ የሙቀት መለኪያው የኬልቪን ናት። የኮምፒውተር ሰዎች ግን 1024 ለ1000 ቀረብ ስላለላቸው «ኪሎ» ብለው ጠሩት። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1998 መጨረሻ ላይ ኪቢ፣ ሜቢ፣ ጊቢ የሚሉትን ስሞች አጽድቆ ሊለያቸው ሞከረ። ስሞቹ ጥሩ ናቸው፣ እኔ እጠቀምባቸዋለሁ። የመጡት ግን ትእዛዞቹ ለአሥርተ ዓመታት ከተሠራባቸው በኋላ ነው፣ እና በሚሊዮን ስክሪፕት ውስጥ የተጻፈን 1ኤም ትርጉሙን መቀየር የሚደፍር አልተገኘም።

ድሮ ፍሎፒ ዲስክ የተጠቀማችሁ «1.44 ሜጋባይት» የሚለውን ታስታውሱታላችሁ። 1440 ሲባዛ በ1024፣ 1,474,560 ባይት ነው። ሜጋው በ1000 ቢቆጠር 1.47 ይሆናል፣ በ1024 ቢቆጠር 1.41። 1.44 የተገኘው አንዴ በ1024፣ አንዴ በ1000 በማካፈል ነው። ከሁለቱም ሕግ ጋር የማይገጥም ቁጥር በየዲስኩ ላይ ታትሞ ዓለምን ዞረ።

ዲዲ ላይ 1 ስሞል ኤም ብዬ ስጽፍ ለምን እምቢ ይላል? ሌላ ሰው ማሽን ላይ ይሠራል እኮ!

ያ ሌላ ሰው ማክ ወይም ከቢኤስዲ (ሌላው የዩኒክስ ቤተሰብ) ዘር የሆነ ሲስተም ላይ ነው ማለት ነው። የጂኤንዩ ዲዲ ካፒታል ኤም ነው የሚቀበለው፤ ስሞል ኤም ስትሰጡት «ልክ ያልሆነ ቁጥር» ብሎ ያቆማል። የቆየ ማክ ላይ ያለው ዲዲ ደግሞ ግልባጩ ነው። እዚያ ስሞል ኤም ነው የሚሠራው፣ ካፒታሉን ስትጽፉለት ይቆጣል። አዳዲሶቹ የቢኤስዲ ዲዲዎች ሁለቱንም ይቀበላሉ። ግን እጃችሁ ላይ ያለው የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ ስክሪፕት ስትጽፉ ይህ አያድናችሁም።

በሁለቱም ላይ የሚሠራ አጻጻፍ አለ፦ 1024 ብላችሁ ስሞል ኬ ጨምሩበት። ስሞል ኬ ፖዚክስ ውስጥ ስላለች ሁሉም ያውቋታል። እኔ ፍላሽ ላይ ኢሜጅ ስጽፍ ዘወትር የምጠቀመው እሷን ነው። አለዚያ 1048576 ብላችሁ በቁጥር ጻፉት፣ ማንም አይከራከራችሁም።

የሚገርመው ግን ይሄ ነው። እዚያው ኮርዩቲልስ ውስጥ ዲዲ እምቢ ያላትን ስሞል ኤም፣ ሄድ (የፋይልን መጀመሪያ የሚያወጣው) እና ስፕሊት ይቀበሏታል። «ሄድ -ሲ 1» ብላችሁ ስሞል ኤም ጨምሩበት፣ ያለ ምንም ቅሬታ 1,048,576 ባይት ያወጣል። ከአንድ ጥቅል የወጡ ናቸው፣ የሚቀበሏቸው ፊደላት ግን ይለያያሉ።

ዲዲ ላይ እያለን ሌላም አለ። ስንት እንደሚገለበጥ በሚነግረው «ካውንት» ላይ የምትጽፏት ፊደል ባይት አይደለም የምታባዛው፣ ብሎክ ነው። የብሎኩን መጠን የሚወስነውን «ቢኤስ» ሳትሰጡ ካውንት 1ኤም ብትሉት 1,048,576 ብሎክ፣ እያንዳንዱ 512 ባይት፣ በጠቅላላው 512 ሜቢባይት ይጽፋል። አንድ ሜጋ የጠበቀ ሰው ዲስኩ ሲሞላ ግራ ይገባዋል። ሌላ ደግሞ ስሞል ኤክስ በዲዲ ቋንቋ የማባዛት ምልክት ናት። ስለዚህ በዜሮ-ኤክስ የሚጀምር ሄክሳዴሲማል ቁጥር ስትሰጡት «ዜሮ ሲባዛ በ…» ብሎ ነው የሚያነበው። አዳዲሶቹ ያስጠነቅቃሉ፣ ማስጠንቀቂያውን አንብቡት።

ቢ ማለት ባይት አይደለም እንዴ?

ይሄ ጥያቄ ሲመጣ ደስ ይለኛል፤ እውነት ለመናገር ከሁሉም የከፋችው ፊደል እሷ ናት። ስሞል ቢ በዲዲ፣ በሄድ እና በፋይንድ ላይ 512 ባይት ናት። መስመሮችን በሚደረድረው ሶርት ላይ፣ ለሜሞሪ መጠን በካፒታል ኤስ በምትሰጡት አማራጭ፣ ስሞል ቢ አንድ ባይት ናት። ፋይሎችን አንድ ላይ በሚጠቀልለው ታር ላይ ስሞል ቢ 512 ሆና ካፒታል ቢ ደግሞ 1024 ናት። አዎ፣ ካፒታሏ ኪሎባይት ማለት ናት።

ዲዲ ከኮርዩቲልስ 9.1 ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ፣ ካውንት መጨረሻ ላይ ካፒታል ቢ ከተጻፈለት «በብሎክ ሳይሆን በባይት ቁጠር» ብሎ ይወስዳታል። ቪዲዮና ድምፅ የሚቀይረው ኤፍኤፍኤምፔግ ጋ ስትሄዱ ደግሞ ኤም 1,000,000 ናት፣ በ1024 እንዲሆን ከፈለጋችሁ አይ ትጨምራላችሁ፣ ካፒታል ቢ ስትጨምሩ ቁጥሩን በ8 ያባዛዋል። እዚያ ብዙው ነገር በቢት ስለሚለካ ምክንያቱ ይገባኛል።

አንድ ባይት ማለት ስትፈልጉ ዲዲ እና ፋይንድ ላይ ስሞል ሲ ጻፉ። ሌላው ላይ ያለ ፊደል ቁጥሩን ብቻ መጻፍ ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ «ብዙ ጊዜ» ያልኩበትን ምክንያት ወረድ ብላችሁ ታዩታላችሁ።

ከ1 ሜጋ በታች የሆኑ ፋይሎችን በፋይንድ ስፈልግ ባዶ ፋይል ብቻ ያመጣልኛል። ተበላሽቶ ነው?

አልተበላሸም። የጂኤንዩ ፋይንድ መጀመሪያ የፋይሉን መጠን በሰጣችሁት መለኪያ ወደ ላይ ያጠጋጋል፣ ከዚያ ነው የሚያወዳድረው። አንድ ባይት ያለው ፋይል በኤም ሲለካ 1 ነው። ግማሽ ሜጋውም 1 ነው። «-ሳይዝ -1ኤም» ማለት «ከ1 የሚያንስ» ስለሆነ የሚቀረው ዜሮ ብቻ ነው። ባዶ ፋይል።

ባዶ ፎልደር ውስጥ አራት ፋይል በትራንኬት ሥሩና ሞክሩት። አንዱ 0 ባይት፣ ሁለተኛው 1 ባይት፣ ሦስተኛው 1,048,576፣ አራተኛው 1,048,577። «-1ኤም» ስትሉ የመጀመሪያው ብቻ ይመጣል። «1ኤም» ስትሉ ሁለተኛውና ሦስተኛው አብረው ይመጣሉ፤ በሚሊዮን እጥፍ ይለያያሉ፣ ለፋይንድ ግን እኩል ናቸው። «+1ኤም» ስትሉ አራተኛው ብቻ። እንደዚህ በዓይን ሲያዩት አይረሳም።

መፍትሔው በባይት መጻፍ ነው፦ «-ሳይዝ -1048576» ብላችሁ ስሞል ሲ ጨምሩበት። ስሞል ሲ ላይ የሚጠጋጋ ነገር ስለሌለ የምትጠብቁትን ያመጣል።

እግረ መንገዳችሁን ፊደሎቹንም ልብ በሉ። ፋይንድ ኪሎን በስሞል ኬ፣ ሜጋና ጊጋን በካፒታል ብቻ ነው የሚያውቀው። ካፒታል ኬ ስትሰጡት አይቀበልም። ፊደል ካልጻፋችሁ ደግሞ በ512 ባይት ብሎክ ይቆጥራል። «+100» ብሎ 100 ሜጋ የፈለገ ሰው የሚያገኘው ከ51,200 ባይት በላይ የሆነውን ሁሉ ነው። ከኋላው «-ዲሊት»፣ ማለትም የተገኘውን አጥፋ የሚለው፣ ካለ ምን እንደሚሆን አስቡት። እባካችሁ መጀመሪያ ያለ ዲሊት አስኪዱትና ዝርዝሩን እዩ።

ፊደል ካልጻፍኩ በባይት ነው የሚቆጥረው፣ አይደል?

አይደለም፣ እና ይሄ ብዙ ሰው አስለቅሷል። ፋይንድ ላይ 512 ባይት ነው፣ አሁን አይተነዋል። ሶርት ላይ ለሜሞሪው 1024 ብትሉት 1024 ኪቢባይት ይወስዳል፣ ማለትም 1 ሜቢባይት። የዲስክ ቮልዩም በሚሠራው ኤልቪክሪኤት ላይ 100 ካላችሁት 100 ሜቢባይት ነው። የፋይል ሲስተምን መጠን በሚቀይረው ሪሳይዝ-ቱ-ኤፍኤስ ላይ ቁጥሩ የፋይል ሲስተሙ ብሎክ ነው፣ ብዙ ጊዜ 4096 ባይት። ጃቫ ላይ ለሂፕ (ፕሮግራሙ ለሚጠቀምበት ሜሞሪ) መጠን 512 ብቻ ብትጽፉ እውነትም 512 ባይት ብሎ ይወስድና «በጣም ትንሽ ነው» ብሎ አልነሳም ይላል። ቢያንስ ነገሩን በጊዜ ታውቃላችሁ።

ፋይሎችን በሚያመሳስለው አርሲንክ ውስጥ ደግሞ በአንዱ ትእዛዝ ሁለት አማራጭ ይለያያሉ። ለፋይል መጠን ገደብ ያለ ፊደል 100 ካላችሁ 100 ባይት ነው። ለፍጥነት ገደብ ያለ ፊደል 100 ካላችሁ በሰከንድ 100 ኪቢባይት ነው። ከአርሲንክ ወደ ኤስሲፒ (በኔትወርክ ፋይል የሚገለብጠው) ስትዛወሩም ተጠንቀቁ፤ ኤስሲፒ ፍጥነቱን የሚለካው በኪሎቢት ነው። ያንኑ 1000 ቁጥር ገልብጣችሁ ብታስገቡ ስምንት ጊዜ ያህል ይንቀረፈፋል፣ እናንተም ኔትወርኩን ትጠረጥራላችሁ።

ዲዩ (ፋይሎች የያዙትን ቦታ የሚያሳየው) እና ዲኤፍ (የዲስኩን ባዶ ቦታ የሚያሳየው) በጂኤንዩ ያለ አማራጭ በ1024 ይቆጥራሉ፣ ማክ ላይ በ512። ጂኤንዩ ላይም ቢሆን ፖዚክስሊ-ኮሬክት የሚባለው ተለዋዋጭ አካባቢያችሁ ውስጥ ከተሰየመ ወደ 512 ይወርዳሉ። ስለዚህ ዲዩ የሰጠውን ቁጥር በቀጥታ የሚያነብ ስክሪፕት ካላችሁ «-ኬ» ጨምሩበት። አንዲት ፊደል ናት፣ ከብዙ ጣጣ ታድናለች።

መጠኑን ለሰው በሚነበብ መልክ የሚያሳየው «-ኤች» ሁሉም ላይ አንድ ነው?

ስሙ አንድ ነው፣ ሥራው አይደለም። ኤልኤስ፣ ዲዩ እና ዲኤፍ ላይ ስሞል ኤች በ1024 ነው የሚያካፍለው። በ1000 እንዲሆን ስትፈልጉ ኤልኤስ እና ዲዩ ላይ «--ኤስአይ» አለ፣ ዲኤፍ ላይ ካፒታል ኤችም ይሠራል። አርሲንክ ላይ አንድ ኤች በ1000 ነው፣ በ1024 ለማግኘት ሁለት ጊዜ መጻፍ አለባችሁ። ማክ ላይ ዲኤፍ ጥሩ ሥራ ሠርቷል፤ በ1024 ሲሆን ጂ እና አይ አድርጎ ይጽፋል፣ በ1000 ሲሆን ጂ ብቻ። ሜሞሪ የሚያሳየው አዲሱ የሊኑክስ ፍሪም እንዲሁ አይ ይጨምራል። ሁሉም እንዲህ ቢሆኑ ይሄን ገጽ መጻፍ ባላስፈለገኝ።

የጂኤንዩ ኤልኤስ ልዩነቱን በኬ ይነግራችኋል፦ በ1024 ሲሆን ካፒታል ኬ፣ በ1000 ሲሆን ስሞል ኬ ያሳያል። ልክ ነው፣ ከዓለም አቀፉ ሥርዓት ጋርም ይሄዳል። ግን ዲዲ ላይ ስታስገቡ ሁለቱም ኬዎች 1024 ናቸው። ከአንዱ ያነበባችሁትን ለሌላው ስትሰጡ ትርጉሙ መንገድ ላይ ይጠፋል።

ሌላው፣ እነዚህ ቁጥሮች ወደ ላይ የተጠጋጉ ናቸው። 1025 ባይት ያለው ፋይል በኤልኤስ 1.1ኬ ሆኖ ይታያል። ዲዩን በጊጋ ቁጠር ብትሉት ትንሿ ፋይል ራሷ 1ጂ ትባላለች። ለዓይን ነው እንጂ ለሒሳብ አይሆንም።

ኤልቪኤም ላይ ካፒታልና ስሞል ይለያያል ሲሉ ሰማሁ፤ እውነት ነው?

ኤልቪኤም የሊኑክስ ዲስክን በቮልዩም የሚከፋፍል ሥርዓት ነው። ስታስገቡ አይለያይም፣ ሲያሳያችሁ ይለያያል። ኤልቪክሪኤት ላይ ስሞል ጂም ካፒታል ጂም በ1024 ነው። ቮልዩሞቹን በሚዘረዝረው ኤልቪኤስ ላይ ግን «--ዩኒትስ» ስትሰጡት ስሞል ጂ በ1024፣ ካፒታል ጂ በ1000 ነው። እንግዲህ 10 በካፒታል ጂ ብላችሁ የሠራችሁት ቮልዩም፣ በካፒታል ጂ አሳየኝ ስትሉት 10.74 ብሎ ይመልሳል። አልተሳሳታችሁም፣ እሱም አልተሳሳተም።

ይሄ ሁሉ ግን በእውነት ጉዳት ያመጣል?

ያመጣል። የራሴን ልንገራችሁ።

አንድ ዲስክ ላይ ያለ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ማሳነስ ፈለግኩ። በውስጡ ያለው ፋይል ሲስተም ኤክስት4 ነው። አሠራሩ ሁለት እርምጃ አለው፤ መጀመሪያ ፋይል ሲስተሙን ታሳንሳላችሁ፣ ከዚያ ፓርቲሽኑን። ሪሳይዝ-ቱ-ኤፍኤስን 100ጂ አልኩት፣ በሰላም ጨረሰ። ቀጥዬ ፓርቲሽን የሚቆርጠውን ፓርትድን ፓርቲሽኑን 100ጂ ላይ ጨርስ አልኩት። «ማሳነስ ዳታ ሊያጠፋ ይችላል፣ እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ጠየቀኝ። እርግጠኛ ነበርኩ፤ አሁን አይደል ፋይል ሲስተሙን ያሳነስኩት? አዎ አልኩ።

ከዚያ ማውንት ላድርገው፣ ማለትም ፋይሎቹን ልክፈት፣ ስል እምቢ አለኝ። የከርነሉ መልእክት የፋይል ሲስተሙ ብሎክ ቁጥር ከዲቫይሱ መጠን ይበልጣል ይላል። 26,214,400 ብሎክ። ቁጥሩን በ4096 ሳባዛው 107,374,182,400 መጣ። ያኔ ነው የገባኝ። ለሪሳይዝ-ቱ-ኤፍኤስ 100ጂ ማለት 100 ጊቢባይት ነው። ለፓርትድ ያችው 100ጂ 100 ቢሊዮን ባይት ናት። ወደ 7.4 ቢሊዮን ባይት የሚሆን የፋይል ሲስተሙ ጭራ ከፓርቲሽኑ ውጭ ቀርቷል። ልጽፍ ተዘጋጅቼ የነበረው አዲስ ፓርቲሽን እዚያው ላይ ሊያርፍ ነበር።

እጄን ከኪቦርዱ ላይ አነሳሁ። ምንም ስላልተጻፈበት ዳታው ቦታው ላይ ነበር። ፓርትድን እንደገና ከፍቼ መጨረሻውን 101ጂአይቢ አደረግኩት፤ ድፍን 100 ያላደረግኩት ፓርቲሽኑ ራሱ ከ1 ሜቢባይት ላይ ስለሚጀምር ነው። የፋይል ሲስተም ምርመራ አስኬድኩ፣ ንጹሕ ነው አለ፣ ማውንት ሆነ። ሁሉም ፋይል ነበር። ያን ቀን ግን ሌላ ምንም አልሠራሁም።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ፋይል ሲስተሙን ከምፈልገው በጣም አሳንሰዋለሁ። ፓርቲሽኑን በጂአይቢ ሙሉ ስሙ እቆርጠዋለሁ። ከዚያ ሪሳይዝ-ቱ-ኤፍኤስን ያለ ምንም ቁጥር አስኬደዋለሁ፤ ቁጥር ካልተሰጠው ራሱ ፓርቲሽኑን ሞልቶ ይተኛል። መገመት የሚባል ነገር ከመሀል ይወጣል።

«ሶርት -ኤች» መጠኑን በትክክል ይደረድራል?

የዲዩ -ኤች ውጤት ከሆነ አዎ። ሶርት መጀመሪያ ፊደሏን ነው የሚያየው፣ ቁጥሩን በኋላ። ስለዚህ 2000ኬ ከ1ኤም በፊት ይመጣል። ዲዩ 2000ኬ ብሎ ስለማይጽፍ ችግር የለም። በእጃችሁ የጻፋችሁት ዝርዝር ከሆነ ግን አትመኑት።

ኩበርኔቲስ ላይ ሜሞሪ 400 በስሞል ኤም ሰጥቼ ፖዱ አልነሳ አለ። ለምን?

ኩበርኔቲስ ፕሮግራሞችን በብዙ ማሽን ላይ የሚያስኬድ ሥርዓት ነው፤ ፖድ እዚያ የሚነሳው የፕሮግራም ክፍል ነው። ስሞል ኤም እዚያ ሚሊ ናት። አንድ ሺኛ። የጠየቃችሁት 0.4 ባይት ሜሞሪ ነው። ለሲፒዩ ስሞል ኤም ትክክል ስለሆነች እጅ ይለምዳታል፣ ሜሞሪው ላይም ሳይታሰብ ትገባለች። ኤም በ1000፣ ኤምአይ በ1024 ነው፤ ለሜሞሪ ኤምአይን ተጠቀሙ። ፕሮግራሞችን በኮንቴይነር ከሚያስኬደው ከዶከር የመጣ ሰው በተለይ ይጠንቀቅ፣ ዶከር ላይ ስሞል ኤም ሜጋ ናት፣ ያውም በ1024።

ስክሪፕት ውስጥ ምን ልጻፍ?

የሚነካው ነገር ዲስክ ወይም ዳታ ከሆነ ባይቱን። ሼሉ ራሱ ሒሳብ ይችላል፤ 10 ሲባዛ 1024 ሲባዛ 1024 ብላችሁ በአንድ ተለዋዋጭ አስቀምጡና እሱን ለሁሉም ስጡ። ማንም ሲያነበው ምን እንደፈለጋችሁ ያያል። ኤምአይቢ የሚቀበል ትእዛዝ ከሆነ ደግሞ ኤምአይቢ ብላችሁ ጻፉ። ሁለት ፊደል ይጨምራል፣ ጥርጣሬ ይቀንሳል።

ሰው የጻፈውን መጠን መተርጎም ካለባችሁ ነምኤፍኤምቲ የሚባል ትእዛዝ ኮርዩቲልስ ውስጥ አለ፣ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ። የምወደው ጠባዩ በየትኛው ሕግ እንደሚያነብ ሳትነግሩት ፊደል ያለበትን ቁጥር አለመቀበሉ ነው። «--ፍሮም» ላይ «አይኢሲ» ስትሉት 1ኬን 1024 ያደርጋል፣ «ኤስአይ» ስትሉት 1000፣ «አውቶ» ስትሉት 1ኬን 1000፣ 1ኬአይን 1024። ግልጽ ነው።

ውጤቱን ደግሞ በባይት አረጋግጡ። የፋይል መረጃ የሚያሳየው ስታት ሊኑክስና ማክ ላይ አማራጩ ይለያያል፣ ስለዚህ እኔ ፋይሉን ባይት ወደሚቆጥረው «ደብሊውሲ -ሲ» አስገብቼ ነው የማየው። ሁለቱም ላይ ያለ ችግር ይሠራል።

የራሴን ቱል እየጻፍኩ ነው። የትኛውን ሕግ ልከተል?

መጀመሪያ ይሄን ጥያቄ ስለጠየቃችሁ አመሰግናለሁ። ኬአይቢን እና ኬቢን ሁለቱንም ተቀበሉ፣ አንዱ በ1024፣ ሌላው በ1000። ብቻዋን የቆመችውን ፊደል ከተቀበላችሁ ትርጉሟን በእርዳታ ገጹ የመጀመሪያ መስመሮች ላይ ጻፉ እንጂ ታች አትቅበሩት። ስሞል ኤምን ወይ ከካፒታሏ ጋር እኩል አድርጉ ወይ በግልጽ እምቢ በሉ። መግቢያና መውጫው አንድ ይሁን፤ ቱላችሁ ያሳየውን መጠን ሰው ገልብጦ መልሶ ሲሰጠው ያንኑ መጠን መረዳት አለበት።

ከሁሉ በላይ ግን የማታውቁትን ፊደል ዝም ብላችሁ አትለፉት። ሲ ቋንቋ ላይ ጽሑፍን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ኤቶአይ «10ጂ» ስትሰጡት 10 ብሎ ይመልሳል፣ ጂውን ይጥለዋል፣ ምንም አይናገርም። 10 ጊጋ የጠየቀ ሰው 10 ባይት ተሰጠው ማለት ነው። ስትሪንጉ እስከ መጨረሻው መነበቡን አረጋግጡ፣ የተረፈ ፊደል ካለ ስህተት መልሱና አቁሙ። የሚያጠፋ ወይም የሚቆርጥ ሥራ ከሆነ ደግሞ ከመጀመሩ በፊት የተረዳችሁትን መጠን በሙሉ ባይት ስክሪኑ ላይ አውጡት። ፓርትድ ያን ቀን «እርግጠኛ ነህ?» ሲለኝ ከጎኑ 100,000,000,000 ብሎ ቢጽፍልኝ ኖሮ እጄ አዎ የምትለዋን ቁልፍ አትነካም ነበር።